ከግዛት ወደ ግዛት እየተዘዋወሩ የሚሠሩ የፊዚዮቴራፒስት ረዳቶች በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ እንዴት ያወጣሉ? እንዴትስ ያድሳሉ?

አሜሪካ የሚኖር ልጅ ወይም ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች በስልክ ደጋግመው ከሚሰሟቸው ጉዳዮች አንዱ የሙያ ፈቃድ ነው። "ፈቃዴን እያደስሁ ነው"፣ "ወደ ሌላ ግዛት ልሄድ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ገና አላለቀም" የሚሉ ቃላት በተለይ በጤና ሙያ ከተሠማሩት ዘንድ ይሰማሉ። ሀገር ቤት ላለ ሰው ግን በአንድ ሀገር ውስጥ፣ ያውም በአንድ ሙያ፣ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር ሌላ ፈቃድ መጠየቁ ግራ ማጋባቱ አይቀርም።

ይህ ጽሑፍ ከግዛት ወደ ግዛት እየተዘዋወሩ የሚሠሩ የፊዚዮቴራፒስት ረዳቶችን ምሳሌ አድርጎ የአሠራሩን ዝርዝር ያቀርባል። በሙያው ላይ ላሉ፣ በሀገራችን ፊዚዮቴራፒ ተምረው ወደዚያ ለማቅናት ለሚያስቡ ወጣቶች፣ እንዲሁም ሰነድ ለሚልኩና ወጪ ለሚሸፍኑ ቤተሰቦች እንዲጠቅም ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ምንድን ነው?

የፊዚዮቴራፒስት ረዳት በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካሉ የደከመ፣ ጉልበቱ ወይም ዳሌው በቀዶ ሕክምና የተተካ፣ አጥንቱ ተሰብሮ የቆየ ወይም በእርጅና ሚዛኑን መጠበቅ የተሳነው ሰው እንደገና እንዲቆም፣ እንዲራመድና ራሱን እንዲችል የሚያግዝ ባለሙያ ነው። የሚሠራው በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በተመላላሽ ሕክምና ክሊኒክ ወይም በታካሚው ቤት ነው።

ረዳቱ ብቻውን የቆመ ባለሙያ አይደለም። ታካሚውን መጀመሪያ የሚመረምረው፣ የሕክምና ዕቅዱን የሚያወጣውና የሚለውጠው ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። ረዳቱ በዕቅዱ መሠረት እንቅስቃሴዎችን ያሠራል፣ የታካሚውን ለውጥ ይመዘግባል፣ ችግር ሲያይ ለፊዚዮቴራፒስቱ ያሳውቃል። ሙያው ረጅም ዕድሜ የለውም። የመጀመሪያዎቹ የረዳት ማሠልጠኛዎች የተከፈቱት በ1967 በፍሎሪዳና በሚኒሶታ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን የወጡት በ1969 ነው።

ተዘዋዋሪ ረዳት የሚባለው ደግሞ በአንድ ተቋም በቋሚነት ከመቀጠር ይልቅ የባለሙያ እጥረት ወዳለበት ቦታ በአጭር ጊዜ ውል እየሄደ የሚሠራው ነው። ውሉ ብዙውን ጊዜ የ13 ሳምንት ነው። አገናኙ ኤጀንሲ ሲሆን ከደመወዝ በተጨማሪ ለመኖሪያና ለምግብ አበል ይከፍላል። ውሉ ሲያልቅ ባለሙያው ያድሰዋል ወይም ወደ ሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወደሚርቅ ሌላ ግዛት ያመራል። የፈቃድ ጣጣ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ፈቃዱ ለምን በየግዛቱ ሆነ?

በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የማዕከላዊው መንግሥት ሳይሆን የግዛቶች ነው። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1889 የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ለሐኪሞች ፈቃድ የመስጠትና የመከልከል መብት እንዳለው ከወሰነ ወዲህ ይህ አሠራር ጸንቶ ቆይቷል። በመሆኑም እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ፣ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ክፍያና የራሱ የእድሳት ቀን አለው። ስያሜው እንኳ ይለያያል። ለምሳሌ ኒው ዮርክ ለረዳቶች የሚሰጠውን ማረጋገጫ ፈቃድ ሳይሆን የምስክር ወረቀት ይለዋል።

ዋናው መርሕ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ወሳኙ ታካሚው ያለበት ቦታ እንጂ ባለሙያው የሚኖርበት ቦታ አይደለም። ቨርጂኒያ የሚኖር ረዳት ድንበር ተሻግሮ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ታካሚን ለማከም የሜሪላንድ ፈቃድ ወይም በሜሪላንድ የሚጸና የመሥራት መብት ያስፈልገዋል። በቪዲዮ የሚሰጥ ሕክምናም ቢሆን የሚታየው ታካሚው በተቀመጠበት ግዛት ሕግ ነው።

የመጀመሪያውን ፈቃድ ማግኘት

የመጀመሪያው ፈቃድ በአምስት ደረጃዎች ያልፋል።

አንደኛው ትምህርት ነው። አመልካቹ ካፕቴ በሚል ምሕፃር በሚታወቀው የፊዚዮቴራፒ ትምህርት እውቅና ሰጪ ኮሚሽን እውቅና ካገኘ ተቋም መመረቅ አለበት። ትምህርቱ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ገደማ የሚወስድ ሲሆን በሕክምና ተቋማት የሚደረግ የተግባር ልምምድን ይጨምራል። ትምህርት ከመጀመርና ገንዘብ ከመክፈል በፊት የኮሌጁን እውቅና ማጣራት የግድ ነው። እውቅና ከሌለው ቦታ የተገኘ ዲፕሎማ ለፈተና አያስቀምጥም።

ሁለተኛው ብሔራዊ ፈተና ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው የግዛት የፊዚዮቴራፒ ቦርዶች ፌዴሬሽን ነው። በዓመት አራት ጊዜ፣ በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር አስቀድመው በተወሰኑ ቀናት ይሰጣል። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ባለው መለኪያ ይገለጻል፤ ማለፊያው 600 ነው። በ12 ወራት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ ከስድስት ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቀድም። ስለዚህ "ልሞክረው" ብሎ ሳይዘጋጁ መቀመጥ ዋጋ ያስከፍላል። ፈተናው ብሔራዊ በመሆኑ አንዴ ካለፉ ውጤቱን ወደ ሌላ ግዛት ማስተላለፍ እንጂ እንደገና መፈተን አያስፈልግም።

ሦስተኛው ለግዛቱ ቦርድ የሚቀርብ ማመልከቻና ክፍያ ነው። አራተኛው በበርካታ ግዛቶች የሚጠየቅ የግዛቱ ሕግና ደንብ ፈተና ነው። ቴክሳስና ፍሎሪዳ ይህን ከሚጠይቁት መካከል ናቸው። አምስተኛው የጣት አሻራና የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ነው። አሻራው በግልጽ ካልተነሣ ተመላሽ ስለሚሆንና እንደገና መስጠት ስለሚያስፈልግ ለዚህም ጊዜ መተው ብልህነት ነው።

ወደ ሌላ ግዛት ለመሻገር ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያውን ፈቃድ የያዘ ረዳት ወደ ሌላ ግዛት ለመሄድ ሲፈልግ ሁለት መንገዶች አሉት።

አንደኛው ነባሩ መንገድ ሲሆን፣ በአንድ ግዛት የተገኘን ፈቃድ መሠረት አድርጎ ከሌላው ግዛት ሙሉ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ለዚህም የብሔራዊ ፈተናው ውጤት በፌዴሬሽኑ በኩል እንዲተላለፍ ይደረጋል። ትምህርት ቤቱ የትምህርት ማስረጃውን በቀጥታ ይልካል። ባለሙያው ከዚህ በፊት ፈቃድ የያዘባቸው ግዛቶች ሁሉ ፈቃዱ ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጣሉ። የጣት አሻራና የሕግ ፈተናም ሊጨመር ይችላል። ይህ ሁሉ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል። በብዙ ግዛቶች የሠራ ሰው ከየአንዳንዳቸው ማረጋገጫ ስለሚያሰባስብ ጊዜው ይረዝምበታል። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ እስከ 2024 ድረስ ቀጥሎ የሚገለጸው ስምምነት አባል ስላልነበሩ ወደ እነርሱ ለመሄድ የነበረው መንገድ ይኸው ነው።

ሁለተኛው የፊዚዮቴራፒ ኮምፓክት የሚባለው በግዛቶች መካከል የተደረገ ስምምነት ነው። በቅድሚያ ሕግ አድርጋ ያጸደቀችው ኦሪገን ስትሆን በ2017 አባላቱ አሥር ሲደርሱ ስምምነቱ ጸና። በ2018 ደግሞ በእርሱ መሠረት የመሥራት መብት መስጠት ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ የሚበልጡት ግዛቶች ሕጉን ተቀብለዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው መካከል ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ፣ ኮሎራዶ፣ ጆርጂያና ዋሽንግተን ግዛት ይገኙበታል።

ኮምፓክቱ እንዴት ይሠራል?

ብዙዎች ኮምፓክቱን በሁሉም ግዛቶች የሚያሠራ አንድ ፈቃድ አድርገው ያስቡታል። ይህ ስሕተት ነው። ስምምነቱ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ግዛት ለየብቻ የሚገዛ የመሥራት መብት ነው። በሦስት ግዛቶች መሥራት የሚፈልግ ሦስት ጊዜ ይገዛል። መብቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በእጅ መግባት አለበት።

መስፈርቶቹም ግልጽ ናቸው። ባለሙያው በቋሚነት የሚኖርበት ግዛት፣ ማለትም የቤት ግዛቱ፣ የስምምነቱ አባል ሊሆንና መብት መስጠት የጀመረ ሊሆን ይገባል። በዚያ ግዛት የጸና ፈቃድ ያስፈልጋል። የመኖሪያ ግዛት የሚረጋገጠው በዋናነት በመንጃ ፈቃድ ነው። በየትኛውም ፈቃዱ ላይ ገደብ ሊኖርበት አይገባም፤ ባለፉት ሁለት ዓመታትም የዲሲፕሊን እርምጃ ያልተወሰደበት መሆን አለበት። የሚሄድበት ግዛት የሕግ ፈተና የሚጠይቅ ከሆነ ያንንም ያልፋል።

ክፍያው ለኮምፓክቱ ኮሚሽን በየመብቱ የሚከፈል 45 ዶላርና ግዛቱ የሚጨምረው ክፍያ ነው። መስፈርቱን ያሟላ ሰው በኢንተርኔት አመልክቶ መብቱን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያገኝ ይችላል። ወራት ይፈጅ የነበረን ጉዳይ በዚህ መጠን ማሳጠሩ ተዘዋዋሪ ባለሙያዎች ኮምፓክቱን እንዲመርጡት አድርጓል።

ነገር ግን ፍጥነቱ የሚሸፍነው አንድ ከባድ ነገር አለ። በየግዛቱ የተገዙት መብቶች ሁሉ የተንጠለጠሉት በቤት ግዛቱ ፈቃድ ላይ ነው። ሥሩ የደረቀ ዛፍ ቅርንጫፉ እንደማይለመልም ሁሉ የቤት ግዛቱ ፈቃድ ጊዜው ካለፈ ሌሎቹ በሙሉ በዚያው ቀን ያበቃሉ። በቤት ግዛቱ ፈቃድ ላይ ገደብ ከተጣለ ደግሞ በሌሎቹ ግዛቶች የመሥራት መብቱ ይቋረጣል። ገደቡ እስኪነሣና እርምጃው ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላም አይመለስም።

ከዚህ ሁለት ጠቃሚ ምክሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ የቤት ግዛት ፈቃድ ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው መብት የሚገዛ ሰው የሚጠቀመው ለሁለት ወር ብቻ መሆኑን ማወቅ ነው። መጀመሪያ ፈቃድን ማደስ፣ ከዚያ መብት መግዛት ገንዘብ ያተርፋል። ሁለተኛው፣ የቤት ግዛቱ ፈቃድ ስለታደሰ የየግዛቱ መብት አብሮ አይታደስም። ለእያንዳንዱ እንደገና ማመልከትና መክፈል ያስፈልጋል።

መኖሪያውን በእውነት ወደ ሌላ ግዛት የሚያዛውር ሰውም መጠንቀቅ አለበት። የቤት ግዛቱ ስለሚለወጥ በአዲሱ ግዛት ሙሉ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል። አዲሱ ግዛት የስምምነቱ አባል ካልሆነ በኮምፓክቱ መጠቀም ያቆማል። ለውትድርና አባላትና ለትዳር አጋሮቻቸው ግን የቤት ግዛትን በመምረጥ ረገድ የተለየ አስተያየት ተደርጓል።

እድሳት፦ ቀኑና ትምህርቱ

ፈቃድ ለዘለዓለም አይሰጥም። በብዙ ግዛቶች በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ለእድሳቱ ክፍያና ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ትምህርት ያስፈልጋል። በሀገራችንም የጤና ባለሙያዎች ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና እንዲወስዱ የሚጠይቅ አሠራር ስላለ ሐሳቡ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። አስቸጋሪው የግዛቶቹ ልዩነት ነው።

በቨርጂኒያ ፈቃዱ የሚያበቃው በሙሉ ቁጥር በሚከፈሉ ዓመታት፣ ማለትም እንደ 2024 እና 2026 ባሉት፣ ዲሴምበር 31 ነው። ረዳቱ በሁለት ዓመት ውስጥ 30 ሰዓት ትምህርት ማጠናቀቅ አለበት። በቴክሳስ ፈቃዱ የሚያበቃው በባለሙያው የልደት ወር መጨረሻ ቀን ሲሆን ከረዳት የሚጠበቀው 20 የትምህርት ነጥብና የሕግ ፈተናውን እንደገና መውሰድ ነው። በካሊፎርኒያም ቀኑ የልደት ወር መጨረሻ ነው፤ የሚጠየቀው 30 ሰዓት ሲሆን ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ስለ ሥነ ምግባርና ሕግ፣ አራቱ ደግሞ ስለ ድንገተኛ ሕይወት አድን እርዳታ መሆን አለባቸው። በፍሎሪዳ ደግሞ የእድሳቱ ጊዜ የሚያበቃው እንደ 2025 እና 2027 ባሉት ዓመታት ኖቬምበር 30 ሲሆን የሚጠየቀው 24 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሰዓት በሕክምና ስሕተት መከላከል ላይ ያተኩራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት ረዳት በኮምፓክቱ አማካይነት ቴክሳስ፣ በሙሉ ፈቃድ ደግሞ ካሊፎርኒያ ትሠራለች እንበል። ለቴክሳሱ መብት የቴክሳስን የትምህርት ነጥብ ማሟላት አይጠበቅባትም፤ የቤት ግዛቷን የቨርጂኒያን ማሟላቷ ይበቃል። ለካሊፎርኒያው ፈቃድ ግን የካሊፎርኒያን መስፈርት በራሱ ቀን ማሟላት አለባት። ለአንዱ የወሰደችው ትምህርት ለሌላው ሊያገለግል የሚችለው ሁለቱም ቦርዶች ሥልጠናውን የሚቀበሉት ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሥልጠና ከመመዝገብ በፊት በየትኞቹ ግዛቶች ተቀባይነት እንዳለው መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሥልጠና ምስክር ወረቀቶችን መጠበቅም ከመሠልጠን አይተናነስም። ቦርዶች ካደሱት መካከል የተወሰኑትን መርጠው ማስረጃ እንዲያቀርቡ ይጠይቃሉ። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ተምሮ እንዳልተማረ ሊቆጠር ይችላል።

ጊዜው ባለፈበት ፈቃድ መሥራት ምን ያስከትላል?

ፈቃዱ ካበቃበት ቀን ማግሥት ታካሚን ማከም ያለ ፈቃድ እንደመሥራት ይቆጠራል። "ረስቼው ነው" ወይም "የማስታወሻው ደብዳቤ አልደረሰኝም" የሚለው ምክንያት ከተጠያቂነት አያድንም። ከ13 ሳምንት በኋላ አድራሻው የሚለወጥ ተዘዋዋሪ ባለሙያ ደግሞ ደብዳቤ የሚያመልጠው ከማንም በላይ ነው። ብዙ ግዛቶች የአድራሻ ለውጥ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲነገራቸው በሕግ ያስገድዳሉ።

ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የዲሲፕሊን እርምጃ በሕዝብ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ማንኛውም ሰው በቦርዱ ድረ ገጽ የባለሙያውን ስም አስገብቶ ሊያየው ይችላል። ከዚያ በኋላ በሚሞላ ማመልከቻ ሁሉ ላይ መግለጽ ግዴታ ነው፤ መደበቁ ራሱን የቻለ ጥፋት ይሆናል። ከላይ እንደተገለጸውም የኮምፓክቱን በር ለሁለት ዓመት ይዘጋል። ከግዛት ግዛት እየተዘዋወረ ለሚኖር ሰው ይህ እንጀራውን ማጣት ማለት ነው።

የሀገር ቤት ሰነዶች፦ ስም፣ የልደት ቀንና የትምህርት ማስረጃ

ከኢትዮጵያ ለሄዱ ባለሙያዎች ሌላ የተለየ ጥንቃቄ የሚሹ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ስም ነው። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። በአሜሪካ ግን የቤተሰብ ስም የሚባል አለ። በአንዱ ሰነድ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል። "ፀሐይ" ወይም "ጌታቸው" የሚለው ስም በፓስፖርት ላይ በአንድ ዓይነት፣ በትምህርት ማስረጃ ላይ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ለፈተና የተመዘገቡበት ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ተፈታኙ ከበር ሊመለስ ይችላል። ማመልከቻ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ሰነድ በአንድ ስም መሆኑን ማረጋገጥ፣ ካልሆነም አስቀድሞ ማስተካከል ይገባል።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። መስከረም 20 ቀን 1985 ዓ.ም የተወለደ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው ሴፕቴምበር 30 ቀን 1992 ነው። ነገር ግን መስከረም የዓመቱ የመጀመሪያ ወር ስለሆነ ብቻ "ጃንዋሪ 20 ቀን 1985" ተብሎ የተመዘገበ ሰነድ ሊያጋጥም ይችላል። ልዩነቱ የዕድሜ ብቻ አይደለም። በቴክሳስና በካሊፎርኒያ የፈቃዱ ማብቂያ በልደት ወር ስለሚወሰን ሴፕቴምበርን ይጠብቅ የነበረ ሰው ፈቃዱ በጃንዋሪ አብቅቶ ሊያገኘው ይችላል። ቦርዱ የሚያውቀው እናት የምታስታውሰውን ቀን ሳይሆን በመዝገቡ ላይ ያለውን ነው።

ሦስተኛው የትምህርት ማስረጃ ነው። በኢትዮጵያ፣ ለምሳሌ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ፊዚዮቴራፒ የተማረ ሰው ትምህርቱ ከአሜሪካው ጋር ይመጣጠን እንደሆነ በገምጋሚ ተቋም መመዘን ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናም ይጠየቃል። በአሜሪካ የፊዚዮቴራፒስት መነሻ ትምህርት ወደ ዶክትሬት ደረጃ ከፍ ስላለ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። አንዳንድ ግዛቶች በውጭ ሀገር ፊዚዮቴራፒ የተማሩ ሰዎች በረዳትነት እንዲፈተኑ ይፈቅዳሉ፤ ሌሎች ደግሞ ይህን አይቀበሉም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠውን ግዛት ቦርድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የሀገር ቤት ቤተሰብ ድርሻ ይመጣል። ገምጋሚ ተቋማት የትምህርት ማስረጃው ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ። ቤተሰብ ተቀብሎ በሰው እጅ ወይም በራሱ ፖስታ ቢልከው ተቀባይነት አያገኝም። ቤተሰብ ሊያደርግ የሚችለው ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ ጉዳዩን መከታተል፣ የተጠየቀውን ክፍያ መክፈል፣ ስሙና ቀኑ በትክክል መጻፉን ማየትና ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላኩን ማረጋገጥ ነው። የትምህርቱ ዝርዝር ይዘትም ሊጠየቅ ስለሚችል ከመሄድ በፊት ቅጂውን መያዝ ኋላ ላይ ከመመላለስ ያድናል።

የሙያ ፈቃድ ቪዛ አይደለም

የሙያ ፈቃድ አንድ ሰው ሙያውን እንደሚያውቅ ግዛቱ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ወደ አሜሪካ የመግባትና በዚያ የመሥራት መብት ግን የማዕከላዊው መንግሥት የኢሚግሬሽን ሕግ ጉዳይ ነው። አንዱ ሌላውን አያስገኝም።

በዚህ ረገድ በፊዚዮቴራፒስትና በረዳቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ በመዘገባቸው ሙያዎች ውስጥ ፊዚዮቴራፒስቶችና ነርሶች ይገኛሉ። ለእነርሱ የሚያመለክት ቀጣሪ የተወሰነ ቅለት ያገኛል። ረዳቶች ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ የሉም። ስለዚህ "የረዳትነት ፈቃድ አውጥተን በሥራ ቪዛ እንወስድሃለን" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ ቤተሰብ መሬት ወይም ከብት ሸጦ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት። በአሜሪካ በረዳትነት የሚሠራ ኢትዮጵያዊ በተለመደው መንገድ የሚሄደው አስቀድሞ በሌላ ሕጋዊ መንገድ የመኖርና የመሥራት መብት አግኝቶ፣ እዚያው ትምህርቱን ተምሮ ነው።

ተዘዋዋሪው ማወቅ ያለበት ሌላ ጉዳይ

ፈቃድ በእጅ ገባ ማለት ሥራው በየግዛቱ አንድ ዓይነት ነው ማለት አይደለም። ረዳቱ ምን ያህል ቁጥጥር እንደሚያስፈልገውና አንድ ፊዚዮቴራፒስት ስንት ረዳቶችን መቆጣጠር እንደሚችል ግዛቶች በየፊናቸው ይወስናሉ። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ አንድ ፊዚዮቴራፒስት በአንድ ጊዜ ከሁለት ረዳቶች በላይ መቆጣጠር አይችልም። የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ከ2025 ጀምሮ በግል ክሊኒኮች የሚሠሩ ረዳቶችን በሚመለከት የቁጥጥር ደንቡን አላልቷል። የግዛቱ ሕግ ጠበቅ ያለ ከሆነ ግን የሚከበረው የግዛቱ ነው። ባለሙያው በሚሠራበት ግዛት ያለውን ሕግ ሳያነብ "በፊት በነበርሁበት እንዲህ ነበር" ቢል አይሰማም።

የግብር ጉዳይም አለ። ለመኖሪያና ለምግብ የሚሰጠው አበል ከግብር ነፃ የሚሆነው ባለሙያው ወጪ የሚያወጣበት እውነተኛ ቋሚ መኖሪያ ሲኖረውና ከዚያ ርቆ የሚሠራው በጊዜያዊነት ሲሆን ነው። በአንድ ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ ሥራ ጊዜያዊ አይባልም። ይህን የማያውቅ ሰው ያገኘውን ገንዘብ በኋላ ከነቅጣቱ ሊመልስ ይችላል።

በአጭሩ

በዚህ ሙያ የሚዘዋወር ሰው በእጁ ሊይዛቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው።

1. የቤት ግዛት ፈቃድ የሚያበቃበትን ቀን ማወቅና ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ለእድሳት መዘጋጀት።
2. የእያንዳንዱን ግዛት ፈቃድ ወይም መብት፣ የሚያበቃበትን ቀንና የሚጠየቀውን የትምህርት ሰዓት በአንድ ገጽ ላይ መመዝገብ።
3. ውል ከመፈረም በፊት የሚሄዱበት ግዛት የኮምፓክቱ አባል መሆኑን ማጣራት፤ ካልሆነ ለሙሉ ፈቃድ ወራት ቀደም ብሎ ማመልከት።
4. የፈቃድ ወጪውን ኤጀንሲው የሚከፍል ከሆነ በውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር ማድረግ።
5. የሥልጠና ምስክር ወረቀቶችን ቅጂ ሀገር ቢቀያየር በማይጠፋ ቦታ ማስቀመጥ።
6. አድራሻ በተለወጠ ቁጥር ለየቦርዱ ማሳወቅ።
7. ክፍያና የአባላት ዝርዝር ስለሚለዋወጡ ከማመልከት በፊት የቦርዱንና የኮምፓክቱን ኮሚሽን መረጃ በቀጥታ ማየት።

ለቤተሰብ ደግሞ ይህን ማወቅ ይበቃል። ልጅዎ ስልክ ደውሎ "ፈቃዴን ሳላድስ ወደ ሥራ አልመለስም" ቢል ስንፍና አይደለም። ከሀገር ቤት የሚጠበቀው ሰነድ በአንድ ስምና በትክክለኛ ቀን ተዘጋጅቶ በትክክለኛው መንገድ ከተላከ የድርሻዎን ተወጥተዋል። ቀሪው የእርሱ ነው፤ የቤት ግዛቱን ፈቃድ ከጠበቀ ሌሎቹን ግዛቶች መድረስ አይከብደውም።